ጋሽ መቀስ እና እንዲያብብ የተፈቀደለት ጦስኝ

ወንድ አያታችንን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ከልጅነት እስከ ሽበት ራሳችሁን ለመቀሳቸው አደራ ስትሰጡ የኖራችሁ ደንበኞች በሙሉ፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ሁላችሁም ጋሽ መቀስ ብላችሁ ስለምትጠሯቸው እኛም ዛሬ በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን፤ እሳቸውም ቢሆኑ በሌላ ስም ሲጠሩ ዞር ብለው የሚያዩት ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ መስሏቸው ነበር።

ጋሽ መቀስ የተወለዱት ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ነው። አባታቸው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ከሥራ ሲመለሱ ዱቄቱን ከቅንድባቸው ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ ጓሮ አልፈው ቀፎዎቻቸውን የሚጎበኙ ንብ አርቢ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ በቀፎዎቹ ዙሪያ ጦስኙን፣ በሶብላውን፣ ናናውንና ሮዝመሪውን እየተከሉ፣ ባለቤታቸው በማሩ ሲመሰገኑ "ማሩን የሠራሁት እኔ፣ ምስጋናው ለእሱ" እያሉ የሚያጉረመርሙ ሴት ነበሩ። እናትየው ትክክል ነበሩ። ንብ ማር የምትሠራው ከአበባ ነው፣ አበባ ደግሞ የሚኖረው አንድ ሰው ሲተክለውና ሲያጠጣው ነው። ሕፃኑ በቀፎው ደጃፍ ቁጢጥ ብለው ወጪና ገቢውን እየተመለከቱ አደጉ፤ ንቦቹ በኋላ እግራቸው ላይ ይዘውት በሚመለሱት የአበባ ዱቄት ቀለም ከየትኛው ተክል ደርሰው እንደመጡ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ለይተው ይናገሩ ነበር። ተነድፈውም ያውቃሉ፤ ግን ማልቀስ ከጀመሩ ቀፎው አጠገብ እንዳይደርሱ ስለሚከለከሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም ማለትን የተማሩት ያኔ ነው ይባላል።

ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል፤ በሒሳብ ጎበዝ፣ በዝማሬ ደካማ፣ በወሬ ደግሞ የክፍሉ አንደኛ ነበሩ። አባታቸው ለዓመታት በሳቡት የዱቄት ብናኝ ደረታቸው ታምሞ ቤት ሲውሉ ግን ትምህርቱ ተቋርጦ፣ ፀጉር አስተካካይ በሆኑት አጎታቸው ዘንድ ለሙያ ተቀመጡ። አጎትየው ምላጭ በሰው ፊት ላይ የሚያስይዙት መጀመሪያ በፊኛ ላይ ያለፈን ልጅ ብቻ ነበር፤ ፊኛው ይነፋል፣ የሳሙና አረፋ ይቀባል፣ ከዚያ አረፋው ተላጭቶ ሲያልቅ ፊኛው ካልፈነዳ ልጁ ሰው ሊላጭ ይችላል ማለት ነው። ጋሽ መቀስ ብዙ ፊኛ ያፈነዱ ቢሆንም፣ አንዴ እጃቸው ከተገራ በኋላ ግን ማንንም አድምተው አያውቁም። ቅጽል ስሙም የተገኘው እዚያው ነው፤ ከደንበኛ ጋር ሲያወሩ እንኳ እጃቸው አያርፍም፣ መቀሱ ፀጉር ባያገኝ አየሩን ይቆርጥ ነበርና።

ኋላ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ባለ ሁለት ወንበር ነበረች፤ አንደኛው ወንበር ወደ ላይ ከፍ ካለ የማይወርድ ስለነበር ለአጫጭር ሰዎች ብቻ ይሰጥ ነበር። ከሁሉ በላይ ቤቷን ያስታወቃት ከተቆረጡ በኋላ ራስ የሚታጠብበት ሮዝመሪ የተቀቀለበት ውኃና ናና የተነከረበት ትኩስ ፎጣ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ከእናታቸው ጓሮ ተነቅሎ፣ በኋላ በራሳቸው ቤት ከተተከለው ነበር የሚመጣው።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙት በጠብ ነው። ባለቤታቸው ያኔ በሹራብ መኪና የተማሪ ሹራብ የምትሠራ ወጣት ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟን አስቆርጣ ወሰደችው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም በጆሮው እየጎተተች መልሳ አመጣችውና "ይኼ ፀጉር ነው ወይስ አይጥ የበላው ሹራብ?" ብላ በሰው መሀል ጠየቀች። ጋሽ መቀስ አንገታቸውን ደፍተው እንደገና አስተካከሉለት። በሳምንቱ ልጁን ይዛ ስትመጣ የሚቆረጥ ፀጉር አልነበረውም፤ እሳቸውም አልጠየቁ፣ እሷም አላብራራች፣ ብቻ በዓመቱ ተጋቡ። ከዚህ በኋላ አያታችን ስንል በአክብሮት እሳቸውን ማለታችን ነው፤ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ መቀስ ወደ አዲሱ ጎጆ ከአባታቸው ቤት ይዘው የመጡት ሀብት አንድ ቀፎ ነበር። ከጓሮው ጥግ አስቀመጡት፣ ከፊቱ ጦስኙንና በሶብላውን ደረደሩ፤ ሕልማቸው ፀጉር ቤቱ ቀስ በቀስ ቀርቶ ጓሮው ሁሉ ቀፎ እንዲሆን ነበር። ሕልሙ አንድ ዓመት አልሞላውም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያታችን ልብስ ሲያሰጡ ንብ አንገታቸው ላይ ነደፈቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ፊታቸው አበጠ፣ ከንፈራቸው መልኩ ተለወጠ፣ ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ጎማ ያፏጭ ጀመር። ጋሽ መቀስ መኪና ለመፈለግ ጊዜ አላገኙም፤ ባለቤታቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። የጤና ባለሙያው "ምን ነካቸው?" ሲል "ንብ!" አሉ። መርፌው ተወጋ፣ ትንፋሹ ተመለሰ፣ አያታችን ተረፉ። ባለሙያውም ሲሸኛቸው ደግሞ ከነደፈቻቸው በሕይወት መድረሳቸውን እንደሚጠራጠር ነገራቸው።

ጋሽ መቀስ ቀፎውን ዕለቱኑ ለታናሽ ወንድማቸው ሰጡ። ተክሉንም ሊነቅሉ መቆፈሪያ ሲያነሡ ግን ገና ከአልጋ ያልወረዱት አያታችን "ንቧ ትሂድ፤ ቅጠሉ ምን አደረገኝ?" ብለው አስቆሟቸው። ደግሞስ ፀጉር ቤቱ ያለ ሮዝመሪ ምን ሊሆን? ስለዚህ በሁለቱ መሀል መንገድ ፈለጉ፣ አገኙም። ንብ የምትመጣው ለቅጠል አይደለም፤ ለአበባ ነው። አበባ ከመፍካቱ በፊት እምቡጥ ይሆናል። እምቡጡ ከተቀነጠሰ ተክሉ ቅጠል ከማብዛት በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም፤ በሶብላን የመሰለውማ በቀነጠሱት ቁጥር እየተንዠረገገ ይሄዳል። እናም ጋሽ መቀስ በየማለዳው፣ ፀጉር ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት፣ በዚያው የፀጉር መቀሳቸው በጓሮው እየዞሩ ሊያብብ የተዘጋጀውን ሁሉ መቁረጥ ጀመሩ። ጀመሩ ስንል፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ አላቆሙም ማለታችን ነው።

ይህ ጓሮ በሰፈሩ ውስጥ ከሁሉ የጠራና ከሁሉ ዝም ያለ ጓሮ ነበር። ጦስኙ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ፣ ሮዝመሪው እንደ ተማሪ ተሰልፎ ይታያል፤ የሚበር ነገር ግን አይሰማበትም። ምክንያቱን የማያውቁ ሰዎች ይስቁ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ባለ ታክሲው ጎረቤታቸው በየጠዋቱ መኪናቸውን እያሞቁ "ጋሽ መቀስ፣ ዛሬ ደግሞ በሶብላውን ምን ዓይነት ቁርጥ አደረጉለት?" ሲሏቸው፣ "እንዳንተው፤ ከጎን አጠር፣ ከመሀል ባዶ" ብለው ይመልሱላቸዋል። ባለ ታክሲው እዚህ አሉ፤ ባርኔጣቸውን ማውለቅ ሳያስፈልግ መልሱ ትክክል እንደነበር ይመሰክራሉ።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ፍርሃቱ ቀልድ አልነበረም። አያታችን የሹራብ መኪናቸው የተቀመጠበት ክፍል መስኮቱ ወደ ጓሮው የሚከፈት ነበር፤ በጎረቤት ያለ አበባ ሁሉ በሚፈካበት ወቅት ግን ይዘጋል፣ እሳቸውም በሙቀት ላባቸው በሱፉ ላይ እየተንጠባጠበ ይሠራሉ። የገዛ ጓሯቸውን የሚያውቁት በመስታወት ነበር። እህታቸው አበባ የታተመበት ቀሚስ ስጦታ ስትሰጣቸው ጋሽ መቀስ ቀሚሱን ገልበጥ አድርገው አይተው "ያምራል፤ ግን ንብ እውነተኛውን ከውሸቱ ትለያለች ብለሽ እንዳትተማመኚ" ስላሏቸው ቀሚሱ ቤት ውስጥ ብቻ ተለበሰ። በወንድ ልጃቸው ሠርግ ላይ ሙሽራዋ የያዘችውን እቅፍ አበባ "ለአንድ አፍታ ልያዝልሽ" ብለው ተቀብለው መኪና ውስጥ ቆልፈውበታል፤ በፎቶግራፎቹ ላይ ሙሽራዋ ባዶ እጇን ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት የምትታየው ለዚህ ነው። ልጆቹ ከመናገር ቀጥሎ የተማሩት በር መዝጋትን ነው።

በዚህ መካከል ሦስት ልጆች ወልደው አሳደጉ፤ የመጀመሪያዋ መምህርት፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሦስተኛዋ ዳቦ ጋጋሪ ሆኑ። ሦስቱንም ፀጉራቸውን እየቆረጡ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው፤ በወንበሩ ላይ ሳሉ የማባዛት ሠንጠረዥ ያልወጣለት ልጅ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ እስኪያስታውስ ይጠብቃል።

አያታችን ብርድ በመጣ ቁጥር ጉሮሯቸው ይታመም ነበር። ልጆቹ ወደ ፋርማሲ ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ መቀስ አስቀድመው ጦስኝ አፍልተው፣ ከወንድማቸው የመጣ ማር ጠብ አድርገውበት፣ እየነፉ ያጠጧቸዋል፤ አያታችንም "ክኒን ከመዋጥ ይኼ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው ተቀምጦ ያየኛል" ይሉ ነበር። ይህን ልማድ ለሌላው ሰው እየመከርን አይደለም፤ የታመመ ሰው መታከም አለበት። ግን ይህ የጦስኝ ፍል ቀጥሎ ለሚነገረው ነገር ትልቅ ድርሻ ስላለው ነው ያነሣነው።

ጋሽ መቀስ ፀጉር ቤቱን ለሌላ ሙያተኛ አስረክበው ቤት መዋል በጀመሩበት ሰሞን አያታችን በሐሞት ጠጠር ታመው ቀዶ ሕክምና ታዘዘላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማደንዘዣ ሐኪሟ፣ ወጣት ሴት ነች፣ ወደ አልጋቸው መጥታ "አለርጂ አለብዎት?" ብላ ጠየቀች።

"ንብ!" አሉ ጋሽ መቀስ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

"አባቴ፣ እሳቸውን ነው የጠየቅኩት" አለችና ወደ አያታችን ዞራ ንቧ የነደፈቻቸውን ቀን ውሎ ከጠዋት ጀምሮ እንዲነግሯት ለመነች። አያታችንም "ተነሣሁ፤ ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር፤ ክኒኔን ዋጥኩ፤ ልብሱን አጠብኩ፤ ላሰጣ ስወጣ ነደፈችኝ" ብለው ቆጠሩላት።

"የምን ክኒን?"

"እኔ እንጃ ልጄ፣ እህቴ ናት ከፋርማሲ ያመጣችልኝ። ፔኒሲሊን መሰለኝ፤ ያኔ ሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚውጠው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ከንቧ በፊት ምን እንደነበረ አያታችንን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ንቧ ታይታለች፣ ነድፋለች፣ ሞታለች፤ ወንጀለኛው በእጅ ከተያዘ ሌላ ማን ይፈለጋል? ክኒኑ ደግሞ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ማንም አላየውም። ሐኪሟ ግን ቀዶ ሕክምናውን አቆይታ፣ አያታችንን አለርጂ መመርመር ወደተማረ ሐኪም ላከቻቸው። ምርመራው እንዲህ ነው፤ በክንድ ቆዳ ላይ የሚጠረጠረው ነገር ትንሽ ጠብታ ይደረግና በቀጭን መርፌ ጫር ይደረጋል፣ ሰውነቱ የሚጠላው ከሆነ ቦታው ቀልቶ ያብጣል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ መርፌና መድኃኒት አዘጋጅቶ አጠገብ ይቆማል፤ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም። የንቡ መርዝ የተደረገበት ቦታ እንደነበረ ቀረ። የፔኒሲሊኑ ግን ሐኪሙ ፊቱን ሳይመልስ አብጦ ተነሣ።

"እናቴ፣ ንቧ ምንም አላደረገችዎትም" አላቸው። "ያን ቀን ሊገድልዎት የነበረው ክኒኑ ነው።"

ጋሽ መቀስ "እርግጠኛ ነህ?" አሉ። እርግጠኛ ነበር። ወደ ኮሪደሩ ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ሳቁ፤ ሳቁም አልቆም ብሎ ጥበቃው "አባቴ፣ ደኅና ነዎት?" እስኪላቸው ድረስ ሳቁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁ በድንገት ጠፋ። የጠፋው ያለፈውን አስበው ነው፤ በእነዚያ የብርድ ወራት ሁሉ አያታችን አንዲት ክኒን ቢውጡ ይሞቱ ነበር፣ እሷንም ሳያውቁ የመለሳት በጽዋ የፈላው ጦስኝ ነው። በሩን ሁሉ ሲዘጉ የኖሩት ጠላት በሌለበት በኩል ነበር፤ ጠላቱ ባለበት በኩል ደግሞ ሳያውቁት ቆመውበት ኖሩ። ቀዶ ሕክምናው በሌላ መድኃኒት ታግዞ በሰላም ተጠናቀቀ።

አሁን ሰው ሁሉ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ሊመስለው ይችላል። አላበቃም። ፍርሃት ወረቀት አይቶ አይወጣም። ጋሽ መቀስ ሐኪሙን አምነዋል፣ ምርመራውን በዓይናቸው አይተዋል፣ እጃቸው ግን አላመነም፤ ማለዳ ሲነሡ መቀሱ በኪሳቸው፣ እምቡጡ በመዳፋቸው ነው። አያታችን ቁስላቸው ደርቆ ቆመው መሄድ እስኪችሉ ታገሷቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት ያንን ባለ አበባ ቀሚስ ለብሰው ወጡና በጋሽ መቀስና በጦስኙ መካከል ቆሙ።

"አንቺ፣ ዘወር በይ፣ እምቡጥ ይዟል" አሉ ጋሽ መቀስ።

"ይያዝ! መጀመሪያ እኔን ቀንጥሰኝ።"

"ምነው፣ አንድ ሳምንት ብንጠብቅ ምን ይለናል?"

"እኔ'ኮ መስታወት ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ አንተ ሰው! ጦስኙ እንኳ ወግ ይድረሰው።"

ጋሽ መቀስ መቀሱን ኪሳቸው ከተቱ። በሕይወታቸው ከፈጸሙት ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ እንደነበር ለልጆቻቸው ነግረዋል፤ እጅን ኪስ ውስጥ ማቆየት።

ጦስኙ ፈካ። በጣም ትናንሽ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነጭ አበባ ነው ያለው። መጀመሪያ የመጣችው ንብ አንዲት ነበረች፤ ዞር ዞር ብላ ቀመሰችና ሄደች። ንብ ጥሩ ቦታ ስታገኝ ለብቻዋ አትበላም፤ ቀፎዋ ተመልሳ እየተወዛወዘች ትጨፍራለች፣ የጭፈራውም አቅጣጫና ርዝመት ለእህቶቿ መንገዱን ያሳያል። በነጋታው እህቶቿ መጡ። ጋሽ መቀስ የሐኪሙን ቃል አጥብቀው ቢይዙም ለማንኛውም ብለው እርጥብ ፎጣ ይዘው ከአያታችን ወንበር ጀርባ ቆሙ፤ ባለ ታክሲውንም "ሞተር ሳታጠፋ በር ላይ ቁምልኝ" አሏቸው።

ባለ ታክሲው እንዲህ ስንት ጠዋት እንደቆሙ እሳቸው ያውቃሉ። በመጨረሻ፣ አያታችን በሶብላ ሲለቅሙ ሳያዩ ንቧን በጣታቸው ጫን አሏትና ነደፈቻቸው። ጋሽ መቀስ ጮኹ፣ ፎጣው ወደቀ፣ ከውጭ ክላክስ ተነፋ። አያታችን ግን የቀረውን መንደፊያ በጥፍራቸው ጠረግ አድርገው ጣሉትና ጣታቸውን ወደ ብርሃን አቅንተው ተመለከቱ፤ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣች። ጠበቁ። ትንፋሽ አላፏጨም፣ ከንፈር አላበጠም። ሽምብራዋም ሽምብራ እንደሆነች ቀረች።

"ይቺው ናት?" አሉ አያታችን። "ያን ሁሉ ዘመን የፈራናት ይቺን ነው?"

ጋሽ መቀስ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። በእናታቸው ሞትም ሆነ በአባታቸው ሞት ሲያለቅሱ ያያቸው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አለቀሱ፣ የሚጠርጉበትም ፎጣ አፈር ሆኖ ነበርና አያታችን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላቸው። ባለ ታክሲው ገብተው ሁኔታውን አይተው "እንግዲህ ሰው ሳይታመምም እየተጠራሁ ነው" ብለው አጉረምርመው ወጡ፤ መኪናው ውስጥ ገብተው እሳቸውም ማልቀሳቸውን ግን ዳቦ ጋጋሪዋ አክስታችን በመስኮቱ አይተዋቸዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ዓመታት የጋሽ መቀስ ምርጥ ዓመታት ነበሩ። በልጅነት ያወቁትን ሁሉ እንደገና አወጡት። ተክሎቹን አንድ አንድ እያሉ ከመበተን ይልቅ አንድ ዓይነቱን በአንድ ቦታ አብዝተው ተከሉ፤ ንብ በአንድ ጉዞዋ አንድ ዓይነት አበባ ላይ ብቻ መሥራት ትወዳለችና ከሩቅ የሚታይ ክምር ይጠቅማታል። ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም አጥርታ ስለምታይ፣ ቀይ ግን ስለማይታያት፣ ላቬንደርና ሮዝመሪ ፀሐይ ወደሚመታው አጥር ሄዱ። ናና ካልታሰረ ጎረቤቱን ሁሉ የሚውጥ ወራሪ ስለሆነ በባልዲ ውስጥ ታሰረ። በሶብላውን ግማሹን ለማብሰያ እየቀነጠሱ ግማሹን ለአበባ ይተዉታል፤ አንዱ ሲጠወልግ ሌላው እንዲተካ ዘሩን በየተራ ነው የሚዘሩት። ፀረ ተባይ የሚባል ነገር በአጥሩ አልገባም። ለንቦቹ መጠጫም ጠጠር የተሞላ ሰሐን አስቀመጡ፤ ንብ ዋና ስለማትችል ቆማ የምትጠጣበት ደረቅ ጠጠር ያስፈልጋታል። ለምን ይህን ሁሉ በዝርዝር እንደምናነብ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ መልሱ ቀላል ነው፤ ጋሽ መቀስ ራሳቸው ማንኛችሁንም በር ላይ ቢያገኙ ይህንኑ ሳይነግሯችሁ አያሳልፏችሁም ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው ጊዜው ደረሰ ብለው ከዚያ ከጥንቱ ቀፎ የተራባ አንድ ቀፎ በመኪና ጭነው ቢያመጡላቸው ግን አልተቀበሉም። "እንግዳ ይበቃኛል፤ ቤተኛ አላበዛም" ብለው መለሱት፤ ወንድምየውም እስከ ዛሬ ቅር ብሏቸዋል፣ እኛም ምክንያቱን አልጠየቅንም። አያታችንም የሹራብ ሥራቸውን ይዘው ከተክሉ መሀል ይቀመጡ ነበር። ያን ሰሞን ከእጃቸው ሹራብ የገዛ ሰው ሲከፍተው የጦስኝ ሽታ ይቀበለው ነበር።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የጋሽ መቀስ ልብ ደከመ። ሐኪሞች የሚቻለውን አደረጉ፣ እግራቸው ያብጥ ነበር፣ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ሆኖም ሥቃይ አልበዛባቸውም፣ ትንፋሽ አጥተው አልተጨነቁም፣ ለዚህም ቤተሰቡ ፈጣሪን ያመሰግናል። መምህርቷን አክስታችንን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚከተለውን አደራ ሰጥተዋል፤ ቃሉ የእሳቸው ነው፦

"ስሞት ስለ እኔ የሚነበብ ነገር አይቀርም። ማወደሱን አሳጥሩት፤ ማብራራቱን ግን እንደፈለጋችሁ። ሰው በብዛት የሚሰበሰበው ያን ቀን ስለሆነ ግን ይቺን ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። ስለ ባለቤቴ ዕድሜ ልኬን ስጠየቅ ንብ እያልኩ የተሳሳተ መልስ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ ትክክለኛውን ሳውቅ ደግሞ የሚጠይቀኝ ሰው ባለበት ላልገኝ ነው። ስለዚህ የሰማ ሁሉ ይመልስልኝ። ንብ አትጎዳትም። የሚጎዳት ፔኒሲሊንና የእሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ሁሉ ነው። ጉሮሮዋን ሲያማት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፣ ሐኪሙንም ከሰላምታ በፊት ይህን ንገሩት። ራሷን ስታ ብትገኝ፣ ልጅም ሁን ጎረቤት፣ መንገደኛም ሁን፣ መጀመሪያ ይህን ተናገር። ጓሮዋን ደግሞ ማንም እንዳይቀነጥስባት።"

ይህን ብለው ከጨረሱ በኋላ "እፎይ" አሉ፤ በማግስቱ ቁርሳቸውን ቀማምሰው፣ እንቅልፍ ወሰደኝ ብለው ጋደም እንዳሉ፣ አያታችን እጃቸውን ይዘዋቸው ሳለ አረፉ።

እንግዲህ አደራው ይደገማል። የሰፈራችን ፋርማሲስት፣ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ባለ ታክሲው፤ አዲሱ ፀጉር አስተካካይ፤ ከኋላ ያላችሁ ልጆችም ጭምር፤ ሁላችሁም ስሙ። ፔኒሲሊን። አያታችን ፔኒሲሊን አይወስዱም። ንብ ግን ትምጣላቸው።

ጋሽ መቀስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ ልጆቻቸው ያገቧቸውን አማቾቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ቅር ያላቸውን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ማን እንደሚቆርጣቸው ግራ የገባቸውን ደንበኞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሲጠብቁ የኖሩትን ሰው በእጃችሁ አስረክበዋልና ከእንግዲህ የሚያሰጋቸው ነገር የለም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ሰላም ያሳርፍ፤ ለአያታችንም ዕድሜ ጨምሮ፣ የተሰጠንን አደራ የማንረሳ ያድርገን።